አጎቴ ያነበቡት የሁምቦ ደብዳቤ

በንጉሡ ጊዜ ሶዶ በሚገኘው ጸሎት ቤታችን ማንኛውም ጽሑፍ መጀመሪያ በአማርኛ ይነበባል፤ ወዲያው ወደ ወላይትኛ ይተረጎማል። አንባቢው አጎቴ ነበሩ። ተርጓሚው እኔ ነበርሁ፣ የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ።

የአጎቴ ዓይን ቅርቡን ማየት ከተወ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ወንጌሉንም መዝሙሩንም በቃላቸው ስለሚያውቁት ገጹን የሚገልጡት ለወጉ ነው።

«ጋሼ፣ ኦቶና ሆስፒታል ሄደው መነጽር ያሠሩ» ስላቸው፣

«መነጽር አድርጌ በገባሁ ማግስት ሌላ አንባቢ ይመርጣሉ» አሉኝ። ያን ቦታ ከሚያጡ ቢታመሙ ይመርጡ ነበር።

አንድ እሑድ ከሁምቦ ምእመናን ደብዳቤ መጣ። አጎቴ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ያዙት። መግቢያው አላስቸገራቸውም፤ ያኔ ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ሰላምታ ነው። ከዚያ በታች «ዝናብ» የምትለዋን ቃል ለይተው ኖሮ፣ የቀረውን ከራሳቸው ሞሉት። ሁምቦ ቆላ ነው፤ የሚጽፉልንም ሁልጊዜ ስለ ድርቅ ነው።

«ዝናብ ጠፍቶብናልና ጸልዩልን» ብለው አነበቡ።

እኔም አጠገባቸው ቆሜ፣ ወረቀቱን እያየሁ ተረጎምሁ። ጉባኤው ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ።

ደብዳቤውን ያመጣው ሰውዬ ከኋላ ብድግ አለ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሲገባ ሁላችንም አይተነዋል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

«ኧረ ወንድሞች፣ ተዉ! ከዚህ በላይ ከዘነበ እኔ በምን በኩል እመለሳለሁ? የጻፍነው ጌታ ዝናብ ሰጥቶናልና ቅዳሜ ለምስጋና በሬ እናርዳለን፣ ኑ ብለን ነው!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? የአንተም ዓይን ታሟል?»

የእኔ ዓይን ደህና ነበር። «ጠፍቶብናል» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ ብዬ ግን እከራከር ነበር። ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ጥቂት ፊደል ብቻ እንደሆነ፣ የቀረውን አእምሮ ከሚጠብቀው ነገር እንደሚሞላው የተረዳሁት ጋዜጠኛ ከሆንሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የነበረኝ መልስ አንድ ነው፦

«እሳቸው ሲያነቡት ታየኝ።»

ተንበርክኮ የነበረው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቁም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪመክሩ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ «ልጁ ያንብብ፤ እርስዎ ይተርጉሙ። ለመተርጎም ዓይን አያስፈልግም።»

በሚቀጥለው እሑድ መዝሙር ሃያ ሦስትን ገለጥሁ። አንደኛውን ቁጥር አነበብሁ፤ አጎቴ ተረጎሙ። ሁለተኛውን ልጀምር ስል እሳቸው አምስተኛው ላይ ደርሰዋል።

«ጋሼ፣ ገና አላነበብሁትም እኮ» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«ታዲያ ማን ያዘህ?» አሉኝና ቀጠሉ።