የአያቴ ግዳይ

አያቴን አልወደውም። አባቴ ይህን ሲሰማ «እሳቸው በይ» ይለኛል፤ የጎደለኝ አክብሮት ብቻ ይመስል። ከመወለዴ በፊት የሞተ ሰው ነው። የማውቀው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የነብር ቆዳ ነው። ሐረር ከግንቡ ውጭ ያለው ቤታችን «የነብር ገዳዩ ቤት» ይባላል፤ የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ በዚሁ ስም ነው የሚያውቁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አስተምሬ አንድም ቀን በሥራዬ ተጠርቼ አላውቅም፤ የነብር ገዳዩ የልጅ ልጅ ነኝ።

ነብሩ ሰው በላ ነበር። ድሬ ጠያራ ገጠር ውስጥ ሰው ሲፈጅ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት እናት ማሽላ ማሳ ውስጥ ገደለ። አያቴ ጠመንጃውን ይዞ ሄዶ ጣለው። እስከዚህ ድረስ ክፉ አልናገርም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቆዳውን ለብሶ ከተማ ሲገባ ፎከረ፤ በፉከራው ውስጥም የሟቿን ባል አነሳ፦

«ባሏ ዛፍ ላይ ሆኖ እሷን ሲያስበላ፣
እኔ ነኝ የጣልኩት ያንን ሰው በላ።»

አባቴ ይህን ስንኝ ወርሶ በየሰርጉ ደረቱን ነፍቶ ይለዋል። እኔም በልጅነቴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለእንግዳ እያልኩት ብዙ ተጨብጭቦልኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የጥንት ዕቃዎች ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ቆዳውን ጠየቀን። አባቴ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እኔም ወሬኛ ነኝና፣ ኤረር በር ገበያ ዘይቱን ለሚሸጡልኝ ባልቴት ነገርኳቸው። ከድሬ ጠያራ እየመጡ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚተካከል ሴት ናቸው። ስለ ነብሩ ስነግራቸው ዘይቱኑን መመዘን ተዉ።

«የበላው እናቴን ነው» አሉኝ።

አባታቸው ዛፍ ላይ አልነበረም። ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ነበር። ሚስቱ ስትጮህ ዘሎ ወርዶ ነብሩን በጦር ወጋው፤ እሷ ግን አልተረፈችም። ነብሩ ጦሩ እንደተሰካበት ቁጥቋጦ ገባ። አያቴ የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ደሙን ተከትሎ ሄዶ የደከመውን አውሬ ጨረሰው።

«ወላሂ ልጄ፣ ያ ዘፈናችሁ እኛ መንደር ድረስ መጥቷል» አሉ። «አባቴን ሚስቱን አስበልቶ የተቀመጠ አሉት። ለወንድሜ ልጁን የሚድርለት ጠፋ። አባቴ ገበያ መውጣት ትቶ ሞተ። እኔ ምንም አልፈልግም። ጦሩ የገባበትን ቦታ አሳዪኝ።»

ቦታውን አውቀዋለሁ። ቆዳው ጎን ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። አባቴ ስጠይቀው «ሲገፈፍ ቢላ ስቶ ነው» ይል ነበር። ይህ ሰው ስለ አደን ሕግ ሲያወራ አይጠግብም፤ መጀመሪያ ያደማው ነው ባለ ግዳዩ፣ የጨረሰው ረዳት ነው እያለ እንግዳ ያሰለቻል። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ሴትዮዋን ሐሙስ እንደማመጣቸው ነገርኩት። ጉርሻውን ሳይውጥ «ማን ናት እሷ?» አለኝ። የማን ልጅ እንደሆኑ ነገርኩት። መሶቡን ገፍቶ ተነሳ።

ሐሙስ ከሰዓት ሴትዮዋ ታጥበው፣ ንጹሕ ሻሽ አስረው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ግድግዳው ባዶ ነበር። አባቴ ጠዋት ቆዳውን ጠቅልሎ ግንብ ውስጥ ወዳለ ቆዳ ሰፊ ወስዶታል። ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ቆዳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲገባ ስንጥቁ ላይ የፍየል ቆዳ ተሰፍቶበታል፤ የፍየሉ ቆዳ ላይም በጥቁር ቀለም ነጠብጣብ ተደርጎበታል። አባቴን እንደዚያ ቀን ንቄው አላውቅም።

«ምን ፈለግሽ?» አላቸው። እኩያው ናቸው።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። «አባቴ ቀኝ ጎኑን ነው የወጋሁት ይል ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ግራ ጎኑን ነው» አለ አባቴ። «አባባ ሁልጊዜ ጦሩ በግራ ነው የገባው ይሉ ነበር፣ ቀኙማ...»

እዚያ ላይ አፉን ያዘ። ሴትዮዋ አውቀው ይሁን ተሳስተው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አባቴ እንደተታለለ አስብ ነበር። አያቴ ነው ውሸታሙ፣ እሱ ምስኪን አማኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ ያውቃል። በየሰርጉ ደረቱን ሲነፋ ያውቅ ነበር።

«አባቴ ሸምግሎ ነው የሞተው» አሉ ሴትዮዋ። «ድሬ ጠያራ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን መጥታችሁ ለጎረቤት ብትነግሩለት ምን ነበረበት?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ሻይ አፍይላት» አለኝ።

«ሻይ አልጠጣም» አሉ። «ያን የፍየል ቆዳ ይፍቱልኝ።»

ከመሳቢያ ምላጭ አውጥቼ ለአባቴ ሰጠሁት። እኔ ልፈታው እችል ነበር፤ እሱ እንዲፈታው ፈለግሁ። መነጽሩን አድርጎ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ክሩን አንድ በአንድ መበጠስ ጀመረ። አላዘንኩለትም። የፍየሉ ቆዳ ሲነሳ ሴትዮዋ አጠገቡ ቁጭ አሉና ሁለት ጣታቸውን በስንጥቁ አስገቡ።

«ደርሶላት ነበር» አሉ።