ዝንብ ለምትበላ ተክል አፈር ፍለጋ

መነሻ፤ ከአዲስ አበባ

ሰው ወላይታ ሶዶ የሚሄደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሥራ ነው። እኔ የሄድኩት አፈር ፍለጋ ነው። ያውም ጥሩ አፈር አይደለም፤ በቆሎ ቢዘሩበት የማያበቅል፣ ምንም የማይረባ አፈር ነበር የፈለግሁት። ለባለቤቴ ስነግራት፣ "አዲስ አበባ የማይረባ ነገር አጥተህ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ በሰጠኝ ጥቂት ዘር፣ ዝንብ የምታጠምድ ተክል ማሳደግ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የቅጠሏ ጫፍ እንደ ተከፈተ አፍ ነው፤ ዝንብ ሲገባበት ይገጥማል። አገሯ ምግብ የሌለው ረግረግ ስለሆነ ሥሯ ለም አፈር አይችልም፤ የጎደላትን ከዝንቡ ታገኛለች። "ንጹህ ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ አሸዋ ኖራ ኖሮበት፣ በአንድ ክረምት የሁሉም ሥር ጠቆረና አለቁ። የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ታማለች። ዘሩን የሰጠኝ ሰው አገሩ ገብቷል። እሷ ከሞተች ሌላ የለም።

ሶዶ የሚያስተምረው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ማርቆስ ችግሬን በስልክ ሰምቶ፣ "ከአረካ ወደ ቦምቤ ስትወጣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ድንጋይ አለ። ምንጩ አጠገብ ደግሞ ያ አንተ ሞስ የምትለው፣ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ አረንጓዴ ነገር ድንጋዩን ሁሉ ሸፍኖታል። ና!" አለኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለእሷ የሚሆን ባዶ አፈር ይወጣቸዋል። ሚያዝያ ነበር፤ ተነሣሁ። ተክሏን ቤት ትቼ መሄድ ፈራሁ፤ ይዤ መሄድም ፈራሁ። በመጨረሻ ከነማሰሮዋ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ፣ ካርቶኑን በቢላ በሳስቼ ያዝኳት።

መንገድ

የአገራችን አውቶቡስ መስኮት የሚከፈተው በጸብ ነው። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ሃላባ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ እኔም ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ልትቀቀል ነው ብዬ መስኮቱን ገፋ አደረግሁት። ከኋላዬ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ንፋስ ሊመታን ነው እኮ!" አሉ። ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከፈትኩት።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ካርቶኑን እያየ፣ "ጫጩት ነው?" አለኝ።

"ተክል ነው።"

"ተክል ይዘህ ነው እንዲህ የሚያልብህ?"

ላቤን ጠረግሁ። ሃላባ ተሳፋሪዎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ጥላ ፈልጌ ክዳኑን ከፈትኩ። አንዱ ቅጠል ጠርዙ ጠቁሯል። ጥዋት እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው? ማስታወስ አቃተኝ፤ እህልም አልወርድ አለኝ።

ሶዶ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዳሞታ ተራራ ግማሹ ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ንፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር መጀመሪያ የተደሰትኩት ለእሷ ነው። ማርቆስ መናኸሪያ ድረስ ባጃጅ ይዞ መጣ። ቤቱ ገብተን፣ ማዕዱ ላይ ከጸለየ በኋላ ሥጋ በዳታ ቀረበ። ዳታው ከአረንጓዴ ሚጥሚጣ የሚፈጭ ነውና ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ማርቆስም ስለ ተክሏ የማለቅስ አስመስሎ እያወራ ቤተሰቡን ሁሉ አሳቀብኝ።

ከአረካ ወደ ቦምቤ

በማግስቱ በሚኒባስ አረካ ገባን፤ ከዚያ የቦምቤን መንገድ ይዘን በባጃጅ ወጣን። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ቦሎቄና ስኳር ድንች ነው። አንድ ጋት ባዶ መሬት አይታይም፤ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር ነው።

ባጃጁን ሸኝተን፣ እኔ የተክሏን ካርቶን እንዳቀፍኩ፣ ወደ ሸለቆው ወረድን። ድንጋዩ ማርቆስ እንዳለው ነው፤ ነጭ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲያነሱት እንደ ደረቅ ዳቦ የሚቀል። ሰባብሬ፣ ይዤ የመጣሁትን ሎሚ ጨመቅሁበት። ኖራ ካለበት አረፋ ይደፍቃል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሁሉ አዳመጥኩ፤ ዝም አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ሌላም፣ ሌላም ሰብሬ ሞከርኩ። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ምንጩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሞሱን በእጄ እየላጥኩ፣ ነጩን ድንጋይ ባኖርኩበት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ሲጨምቁት እንደ ስፖንጅ ውሃ ያወርዳል። በጣም ደስ ስላለኝ ቀና ብዬ አላየሁም።

ቀና ስል ሰዎች ከበውናል።

ሦስቱ ዶማ፣ አንዱ ገጀራ ይዘዋል። ከፊት የቆሙት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ በወላይትኛ በፍጥነት ይናገራሉ፣ ጣታቸው ከረጢቱ ላይ ነው። ማርቆስ የእጁን መዳፍ አሳይቶ ሊያረጋጋቸው ሞከረ። ባለ ገጀራው ወጣት በአማርኛ ወደ እኔ ዞረ፤ ሲቸኩል ወንድና ሴት ይደባለቅበታል።

"እናትየው ፈርቶ ነው። መሬቱ የእሱ ነው። አፈር ወስደህ ለማን ነው የምትሰጠው?"

"ለማንም አልሰጥም።"

"ወዲያ ማዶም እንዲህ አሉ። ሰው መጣ፣ አፈር በፌስታል ወሰደ፣ 'ለላቦራቶሪ ነው' አለ። ቀጥሎ ኢንቨስተር መጣ። አንተስ ኢንቨስተር ነህ?"

ኢንቨስተር የሚለው ቃል ገበሬ ጆሮ ውስጥ መሬት መነጠቅ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ለመሬታቸው ፈሩ፤ እኔ ገጀራውን ፈራሁ። "ዝንብ ለምትበላ ተክል ነው" ብል ማን ያምነኛል? ቢሆንም አልኩት፤ ወጣቱ ሲተረጉመው ሰዉ ጭራሽ ተቆጣ። የማላግጥባቸው መሰላቸው።

ማርቆስ፣ "አሳያቸው፣ ኢሻ" አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

ማሳየት ማለት የታመመች ተክል አፏን እንድትዘጋ ማስገደድ ነው፤ አንድ መዝጋት ብዙ ጉልበት ይፈጅባታል። ከዘጋችም ነው። ካልዘጋችስ? ካርቶኑን ከፈትኩ። አንዱ ሰውዬ ዝንብ ያዘ። ዝንቡን በስንጥር ይዤ፣ ተክሏ አፍ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ፀጉሮች አንዱን በዝንቡ ነካሁ።

ምንም የለም። ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ባለ ገጀራው አንድ እርምጃ ቀረበ።

በአንድ ንክኪ እንደማትዘጋ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ካልነኳት የዝናብ ጠብታ ነው ብላ ትተወዋለች። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ሰዓት ማመን ሌላ ነው። "እባክሽ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ደግሜ ነካሁ።

ቅጠሉ ዝንቡ ላይ ገጠመ።

አንዱ "ኢየሱስ!" ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፤ ባለ ገጀራውም ወደ ጀመረው የእንሰት ቅጠል ቆረጣ ተመለሰ። ሴትየዋ ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ተክሏን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ።

"አፈሯ ምንም የሌለው ለምንድን ነው ይላሉ" አለ ማርቆስ። "በረሃብ ነው እንዴ የምታኖራት?"

"አፈር ካበላኋት ትሞታለች" አልኩ። ማርቆስ ተረጎመ። እሳቸውም ለምስኪን እንደሚደረገው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ወይዘሮ ባሎቴ ይባላሉ። ዝናቡ ሲጀምር ቤታቸው አስገቡን፤ የተቀቀለ ጎደሬ በዳታ አቀረቡልን። ወቅቱ ጎተራ የሚራቆትበት ነበርና ማርቆስ ቀስ ብሎ፣ "ትንሽ ብቻ ብላ፤ ግን ብላ" አለኝ። በላሁ። ከድንጋጤው የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ልንወጣ ስንል ወይዘሮ ባሎቴ ስንበላ ሳላያቸው ከካርቶኑ ያነሷትን ተክል በሁለት እጃቸው ይዘው ከጓሮ መጡ። ማሰሮዋ እስከ አፉ በጥቁር አፈር ተሞልቷል። ወላይታ በቤቱ ዙሪያ፣ እንሰቱ የቆመበትን አፈር ዳርኩዋ ይለዋል። የከብቱ እበት፣ አመዱ፣ የቤቱ ጥራጊ ለዓመታት የሚገባው እዚያ ነው፤ ቤተሰቡን በክፉ ቀን የሚያቆመውም እሱ ነው። የደከመ ችግኝ ያየ ሰው ከዳርኩዋው ዘግኖ ያለብሰዋል። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ውሃም አጠጥተዋታል።

ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "'እኔ ቤት መጥታ ተርባ አትሄድም' ነው የሚሉት" አለኝ።

እዚያው ልገለብጠው እጄ ተነሥቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት በአንድ እፍኝ አፈር ሊጣሉኝ የነበሩ ሴት ከሁሉ የሚሳሱለትን አፈር ሰጥተውኛል፤ ፊታቸው ላይ እንዴት ልድፋው? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ" ብዬ ተቀበልኳቸው። መንገዱን ሁሉ ግን ሥሯ ሲቃጠል የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

አረካ

አረካ አንዲት ሻይ ቤት ዘው ብለን ገባን። የፈላ ውሃና ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለመንኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ "የቧንቧ አለ እኮ፣ ምን አደረገህ?" አለች።

"የቧንቧው ማዕድን አለበት፤ ይጎዳታል።"

"እኛ ስንጠጣው ማዕድኑ የት ሄዶ ነው?" አለች፤ ግን ከበርሜሏ ቀድታ ሰጠችኝ።

ሞሱ ውስጥ የተሸሸገ ትልም ዘርም እንዳይኖር የፈላ ውሃ አፈሰስኩበትና አቀዝቅዤ ጨመቅሁት። ማርቆስ ነጩን ድንጋይ የሽንብራ ፍሬ እስኪያህል ቀጠቀጠ፤ ዱቄቱ ወጥቶ ውሃው እስኪጠራ እየደጋገምን አጠብነው። ሁለቱን እኩል በእኩል ቀላቀልኩ። ከዚያ ተክሏን ነቅዬ ሥሯን በዝናብ ውሃ አጠብኩ። ሥር የሚባለው ጥቂት ጥቁር ክር ሲሆን ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ማርቆስ አየኝና ዞር አለ። ድብልቁን ሞልቼ ተከልኳት፤ ሣህን ላይ ጥቂት ውሃ አድርጌ አቆምኳት። ካደረግሁት ውስጥ አንዱም እንደሚያድናት እርግጠኛ አልነበርኩም።

የወይዘሮ ባሎቴን አፈር ሻይ ቤቱ ደጅ መድፋት ግን አልቻልኩም። በፌስታል ቋጥሬ ያዝኩት።

ቤት

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ስለ መስኮቱ አልተጨቃጨቅሁም፤ ካርቶኑንም አልከፈትኩም። ማየቱን ነበር የፈራሁት።

ቤት ከገባሁ በኋላ ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ጠቆሩ። ዝንቡን የዋጠው ቅጠል መጨረሻ ላይ ጠቆረ። ባለቤቴ መሳቋን ትታ በየጥዋቱ ከእኔ ቀድማ ማየት ጀመረች። ያን የዳርኩዋ አፈር ሌላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ ከተክሏ ጎን ቃሪያ ዘራችበት። ቃሪያው በቀለ፤ እየበረታም ሄደ። የእኔዋ ግን ባዶ ነጭ ድንጋይ ሆና ቀረች። እኔም አልሞተችም አልዳነችም እያልኩ ውሃዋን ብቻ እጨምር ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው ከመሃል እንደ ስንዴ ቡቃያ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ያየሁት። ለሁለት ሳምንት ለሰው አልተናገርኩም፤ የተናገርኩ ዕለት የምትሞት መሰለኝ። ቅጠል ሆነ፤ አፍም አወጣ። አንድ ጥዋት ደግሞ ያ አፍ ገጥሞ አገኘሁት፤ ውስጡ ትንሽ ጥቁር ነገር አለ። እኔ አልሰጠኋትም፤ ባለቤቴም አልሰጠችም። ቆሜ ስጠብቅ ገባኝ። ያ የቃሪያው አፈር እበት እበት ይሸታል፤ ሽታውን ተከትለው ትንንሽ ዝንቦች ይመጣሉ፤ ከማሰሮው ተነሥተው ሲዞሩ እሷ ዘንድ ያርፋሉ።

በዚያው ሳምንት ማርቆስ ደወለ። አረካ ገበያ ላይ ወይዘሮ ባሎቴን አግኝቷቸው ኖሯል። መሬታቸውን ለመለካት የመጣ ሰው እንደሌለ፣ ግን አሁንም ምንጩ ዳር እንግዳ ሲያዩ ልባቸው እንደሚደነግጥ ነገሩት። ቀጥለውም፣ "ያች ልጅ በላች ወይ?" ብለው ጠየቁ።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"የሚያበሏት እሳቸው ናቸው በላቸው።"