በነጻ የተሰጠን እትም

ባለፈው ሳምንት፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የግዥ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያቀርብ የአንድ ኩባንያ ሰነድ እያገላበጠ «ዶክተር፣ ነጻው እትም ከሚሸጠው በምን ያንሳል? ኮዱ አንድ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ፣ በድንበሩ ቆላ፣ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ ትንሽ ክሊኒክ በመዝገብ ሠራተኛነት ስሠራ፣ ልክ እንደ እርሱ እርግጠኛ ነበርሁ።

ክሊኒኩ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ካላዛር ከተባለው የቆላ በሽታ ያክም ነበር። ካቦዎች አንድ ጊዜ በሽታው የያዘውን ሰው መልሰው ስለማይቀጥሩ፣ ሠራተኞቹ በየዓመቱ ስማቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ የሕሙማኑን ፎቶግራፍ ከሕክምና ታሪካቸው ጋር በኮምፒውተር መመዝገብ ጀመርሁ፤ የወረቀቱን መዝገብም አስቀረሁት። በሥራዬ እኮራ ነበር።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በነጻው ሊኑክስ ነበር። ያው አቅራቢ ኩባንያ ለባንኮችና ለአየር መንገዶች የድርጅት እትም ይሸጣል፤ ያው ሥርዓት በእነርሱ ዘንድ ከተረጋገጠ በኋላ ለእኛ ለማንከፍለው ይደርሰን ነበር። በዚያ ዓመት ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ አዳዲስ ለውጦች በቅድሚያ ወደ ነጻው እትም እንዲገቡ፣ ለከፋዮቹ ደግሞ እዚያ ተሞክረው ከስህተት ከጠሩ በኋላ እንዲደርሱ ተወሰነ። ኩባንያው ያወጣው መግለጫ ትሑት ነበር። አነበብሁት። ወደ ሌላ ሥርዓት ለመሸጋገር አንድ ሳምንት ያስፈልገኝ ነበር፤ አጨዳው ይለፍ አልሁ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ጥቁሩ አፈር ገና ጎማ በሚይዝበት፣ አየሩ የታጨደ ሰሊጥ በሚሸትበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ማሻሻያ ጫንሁ። ማሽኑ መዝገቡ ያለበትን የገዛ ዲስኩን ማየት አቆመ። የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂም ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ሌላ ማሽን ከጎንደር ተጠየቀ፤ የጫነው መኪና ጭቃ ያዘው።

በማግስቱ ይመር የተባለ የወሎ ወጣት፣ ሆዱ አብጦ፣ በሁለት የእርሻ ጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። አንጋፋዋ ነርስ ሲስተር አልጋነሽ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ፣ አምና እዚህ አልተኛህም?»

ይመር ጓደኞቹን በጎን አያቸው። «ኧረ ወላሂ ሲስተር! ይህን አገር ያየሁት ገና ዘንድሮ ነው።»

«የሰሊጥ አጫጅ መሐላ እንደ ፉል በጭልፋ ይቀዳል» አሉ ሲስተር እየሳቁ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ሣጥንሽ ምን ይላል?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ሲስተር።»

«እኔስ እታገሣለሁ። የማይታገሠው ይህ ልጅ ነው።»

ለአዲስ ታማሚ የሚሰጠው መርፌ ተጀመረለት። በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ልቡ ቆመ።

ከጎንደር የተላከው ማሽን በማግስቱ ደረሰ፤ ዲስኩን ከፈትሁት። የይመር ፎቶግራፍ እዚያ ነበር። ስሙ ሰይድ ይላል፤ ከሥሩም በሲስተር ቃል፣ በእኔ ጣት፣ «ልቡ ተጎድቷል፤ ይህ መርፌ አይደገምለት» ተብሎ ተጽፏል።

«አውቄው ነበር እኮ» አሉ ሲስተር።

ስህተቱን ለኩባንያው አመለከትሁ። ከሳምንታት በኋላ ታረመ፤ ለከፋዮቹ የደረሰው የታረመው ነው። ከእርማቱ ጋር የወጣው ማስታወሻ የነጻውን እትም ተጠቃሚ ማኅበረሰብ ስለ አስተዋጽኦው ያመሰግናል።

በስብሰባው ላይ ለባልደረባዬ «ኮዱ አንድ ነው፤ የሚለየው መጀመሪያ የሚሞከርበት ሰው ነው» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ኩባንያውን መውቀስ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን አልዋሸም። የሚያደርገውን አስቀድሞ፣ ግልጽ በሆነ ቋንቋ ጽፎታል። በዚያ ክሊኒክ ያን መግለጫ አንብቦ ሊረዳ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም ሰው እኔ ነበርሁ።