ጭስ የበላው በገና

አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር እህቴ ዘንድ ሲሄዱ፣ እናቴ በገናቸውን ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። በእኛ ቆላ ምስጥ የማይበላው ነገር የለም፤ ለዘር የሚቀመጠው ማሽላ የሚከርመው ጭስ ላይ ተሰቅሎ ነው። በገናውንም እንደ ዘሩ ልጠብቀው ብላ ነው። እስከ ቅበላ ድረስ ጨሰበት።

ለቅበላ ከምሠራበት ከገንዳ ውሃ ከተማ ቤት ስገባ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠችው። አባቴ ሁዳዴ ሲገባ እንደሚመለሱ መልእክት ልከውብናል። በጾሙ ከእጃቸው የማይለዩት፣ ከወሎ ለሠፈራ ሲመጡም ተሸክመውት የመጡት ይህንኑ በገና ነው።

"ድምፅ ቢያጣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" ብላ አለቀሰች። ማልቀሷ አናደደኝ። ይህ በገና ሳይናገርማ አልመለስም አልሁ።

እኔ በርና አልጋ የምሠራ አናጢ እንጂ በገና ሠርቼ አላውቅም። ጥላሸቱን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አየሁ፤ ከሥሩ እንጨቱ ደህና ነው። የድምፅ ሳጥኑ፣ ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ግን ደርቆ እንደ ቂጣ ይሰበራል፤ ጅማቶቹም ገና ስነካቸው ተበጣጠሱ። ጎረቤታችን አሮጊቷ "በሳሙና እጠበው እንጂ፣ ምን ታፈጥበታለህ!" ብለው ባልዲ ይዘው መጡ። ውሃ ከነካው ጥላሸቱ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል ብዬ ከነባልዲያቸው መለስኋቸው። ክንዴ እስኪዝል በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት።

ከዚያ የላም ቆዳ ነክሬ ወጠርሁና፣ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ተወልጄ ያደግሁበትን የመተማን ፀሐይ ረሳሁት! ቀትር ሳይደርስ መሀል ለመሀል ተተረተረ። ማንን እንደሆነ ባላውቅም ተሳደብሁ። ሌላ ቆዳ ነክሬ፣ ዳስ ሥር እርጥብ ጆንያ አልብሼ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አደረግሁ።

የቀረው ጅማቱ ነው። የበገና ጅማት ከበግ አንጀት ይገመዳል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ለቅበላ የሚያርደው ፍየል ነው።

"የፍየሉስ አንጀት አይደል? ማን ያውቃል?" አልኋት፣ ሰልችቶኝ።

"አባትህ ያውቃሉ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሰው ሥጋውን ሲበላ እሷ በየደጁ በግ ያረደ እየጠየቀች አንጀት ለመነች። ሳቁባት። ሲመሻሽ ግን በሳፋ ይዛ ተመለሰች። አጥበን፣ ገምደን፣ በሁለት ችካል መሀል ወጠርነው፤ ሲደርቅም በገናው ላይ አሠርሁት።

አባቴ የመጡ ዕለት በገናውን አቅፈው ቃኙና አንዴ መቱት። ድምፁ ወፍሯል። እናቴ አላስቻላትም።

"እኔ ነኝ፤ ጭስ ላይ የሰቀልሁት እኔ ነኝ።"

"ገና ሳቅፈው ሸትቶኛል" አሉ።

አባቴ በገና የሚደረድሩት በር ዘግተው፣ ብቻቸውን ነበር። ያን ዕለት መደቡን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና "ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ" አሏት። እናቴ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከበሩ ውጭ ስትሰማው የኖረችውን በገና፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ ሰማች።