ከቀለሙ ስር ያለው ቁጥር

የእህቴ ባል ቀለም ቀቢ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላል፤ አትመኑት። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ግድግዳውን ነው። ጥጉን በጣቱ ዳበስ አድርጎ፣ «ይሄን የቀባው ሰው የስንጥቅ መድፈኛ ስቱኮ አልነካም» ይልና ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቶቹን ደህና ናችሁ ወይ የሚላቸው። የሙያው ሕግ ለእሱ አንድ ብቻ ነው፤ በደንብ የተቀባ ነገር ከስሩ ያለውን አያሳይም። ስንጥቁ፣ ጭረቱ፣ የምስማር ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ ለስልሶ፣ ድራሹ መጥፋት አለበት። በዚህ ሕግ ስንት ቤት አሳምሮ ኖረና በዚሁ ሕግ ሊያብድ ነበር።

ሐይቁ ዳር አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለችው። ድሮ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የገዛት ናት፤ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር ገጥሞላታል። ለሽርሽር እንጂ ለሌላ አትሆንም። በየዓመቱ ይቀባታል፤ ቀለሙ ደግሞ ከሥራ የተረፈ ነው። ትምህርት ቤት የቀባ ዓመት ጀልባዋ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ክሊኒክ የቀባ ዓመት ነጭ። አንዴ የሕፃናት መዋያ ቀብቶ ጀልባዋ እንደ ከረሜላ ሮዝ ሆና ወደቡ ሁሉ ሲስቅበት ከረመ። የወደቡ ሰዎች «ብሩሹ» የሚሉት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው።

ይህ ሁሉ ቀለም ለጀልባዋ ተብሎ አይደለም፤ ለእትዬ ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፣ የእሱ ሚስት። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ከአልጋ እስከ ወንበር፣ ከወንበር እስከ በር፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም አልነበራትም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋሼ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈን ከታክሲ እናወርዳትና ጀልባዋ ውስጥ እናስቀምጣታለን። እዚያ ጉልበት ምን ያደርጋል? የሞተሩን እጀታ ትይዝና ሐይቁን ትሰነጥቀዋለች። ቤት ውስጥ ውሃ አቀብሉኝ፣ መነጽሬን አምጡልኝ እያለች እየተሳቀቀች የምትውል ሴት፣ እዚያ ላይ ጋሼን ወዲያ በል ወዲህ በል እያለች ታዘዋለች። እኔ አብሬ አልወጣም ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ተንሳፋፊ ነገር ላይ እግሬን አላሳርፍም ብዬ ምዬ ዳር ቆሜ አያታለሁ። እያየኋት ግን ደስ ይለኛል። እህቴን እንደ ልጅነቷ የማያት እዚያ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ጀልባዋ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጋሼ።

«ያልተመዘገበ ጀልባ ከዛሬ ጀምሮ አይወጣም» አለው የወደቡ ጠባቂ፣ ዓይኑን እየሰበረ። ሰውየው ጋሼን ይወደዋል።

ጋሼ ሳቀ። ከኪሱ የጀልባ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። አንድም ጊዜ ሳያሳልፍ ነው የሚያሳድሰው፤ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው።

«ይሄ የእርስዎ ነው፣ ብሩሹ። የጀልባዋስ?»

«ጀልባዋ የኔ አይደለችም እንዴ?»

«ጀልባዋማ የእርስዎ ናት። ወረቀቱ ነው የሷ ያልሆነው። ክረምት ሳይገባ ካልተመዘገበች ጎትተው ያፈርሷታል።»

እትዬ ታክሲው ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ተንሳፋፊ ጃኬቷን ለብሳ ትጠብቃለች። ስንመለስ ፊታችንን አየች። ዚፑን ቀስ አድርጋ ከፍታ ጃኬቱን አወለቀች። አንጀቴን በላችው።

ሰኞ ጋሼን ብቻውን አልሰደድኩትም፤ አፉ አያርፍምና ተከትዬው ሄድኩ። የምዝገባ ቢሮው በሁለት አግዳሚ ወንበርና ልክ በማይሄድ ሰዓት የተሞላ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ትዕግሥተኛ ናት።

«አባባ፣ ሁለት ነገር ነው» አለችው። «ፈቃዱ የሰው ነው፤ መንዳት ይችላል ማለት ነው። ምዝገባው የጀልባዋ ነው፤ እሷ ራሷ ናት ማለት ነው። እርስዎ ስለታደሱ እሷ አትታደስም።»

«ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ እኔን ብቻ ሳሳድስ!»

መዝገብ አገላበጠችና የሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ምዝገባ አገኘችው። ጊዜው አልፎበታል እንጂ ይታደሳል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀልባዋ ላይ ከኋላ በስተቀኝ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ መርማሪ መጥቶ እሱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል።

«ቁጥር የላትም» አለ ጋሼ። «በየዓመቱ የማሻት እኔ ነኝ። እሷ ላይ የማላውቀው ጠባሳ የለም።»

«ከሌላትማ ይቺ ያቺ ጀልባ አይደለችም።»

«አዲስ ቅረጹላታ!»

«አዲስ የሚቀረጸው ከየት እንደመጣች ሲታወቅ ነው።»

«ከየት እንደመጣች በምን ይታወቃል?»

«በአሮጌው ቁጥር።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቆሽቴ አረረ፤ ልጅቷ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ፤ ባለፈው ዓመት ስንት የተሰረቀ ጀልባ ቀለሙ ተቀይሮ እንደተሸጠ ነገረችን። አፌን ዘጋሁ። ልጅቷ እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ ተነስተን ብንሄድ ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን በር ላይ ዞር ብሎ፣ «ባለቤቴ እንዴት እንደምትነዳት ብታዪ እኮ፣ ልጄ!» አለ።

«ባለቤትዎ ናቸው የሚነዱት? ፈቃድ አላቸው?»

ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ።

«እኔ አለኝ እኮ። አብሬያት ነው የምቀመጠው።»

«አባባ፣ የሚጠየቀው አጠገብ የተቀመጠው አይደለም። እጀታውን የያዘው ሰው ነው።» እንዲህ ብላ የደንቡን ትንሽ መጽሐፍ በመስኮቱ ሰጠችው።

ቤት ስንገባ ጋሼ እንደ ጥፋተኛ መጽሐፉን እትዬ ጭን ላይ አስቀመጠው። አንድ ችግር ይዘን ሄደን በሁለት እንደተመለስን ነገርናት። እኔም ጣል አደረግኩ፤ «ይኸው! ፈቃድ የሌለው ሰው የሚነዳው ነገር ላይ ያልወጣሁት ወድጄ ነው?»

እትዬ ሳቀች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ካወጣሁ ትወጫለሽ?»

«አውጪና እናያለን።»

«እሺ። መነጽሬን አምጪው።»

ጀልባዋን ከውሃ አስወጥተን ወደቡ ግቢ ውስጥ የእንጨት ድጋፍ ላይ አስቀመጥናት። ለእትዬ ወንበር ይዘንላት ሄድን፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ፣ የዳንቴል ሥራዋ ከነኪሮሽ መርፌዋ ቅርጫቷ ውስጥ። ጋሼ መፋቂያ ስፓቱላውን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ይዞ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲደርብ የኖረ ሰው፣ ቁጥሩን ፍለጋ የራሱን የእጅ ሥራ ሊፍቅ ነው።

ፋቀ። ሰማያዊው ተነሳ፣ ከስሩ ቢጫው። «ይሄ የዳቦ ቤቱ ነው» አለ። ከስሩ አረንጓዴው፤ «ትልቋ ልጃችን ትምህርት የጨረሰች ዓመት።» ነጩ ጋ ሲደርስ ፍቀቱን ቀስ አደረገው፤ እትዬ መጀመሪያ የወደቀችበት ዓመት ነበር፣ ክሊኒኩን እየቀባ እሷም እዚያው ተኝታ። ሮዙ ሲመጣ እትዬ ከመጽሐፉ ቀና ብላ፣ «ይቺንስ ሳልነግርህ ፋቃት» አለች። እኔ ደግሞ ጥያቄ እጠይቃታለሁ፤ ሁለት ጀልባዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ? ሁለቱም ወደ ቀኛቸው። ዋናተኛ ካለ? ቀስ ብሎ፣ ርቆ። አንድም አልሳተችም።

በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንጨቱ ላይ ደረሰ። ጠረግነው። አየነው። ባዶ ነው። ምንም የለም።

ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁላችንም አቧራ ተቀባብተን፣ የቀለሙ ፍርፋሪ ፀጉራችን ላይ ነበር። «ሽማግሌው የሰው ጀልባ ነው የሸጠልኝ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እትዬ ሳያይ፣ «ቅዳሜሽን አጠፋሁብሽ» አለ። ትልቅ ሰው እንባው ሲመጣ ማየት አልወድም፤ ፊቴን አዞርኩ።

«ወንበሬን አስጠጉኝ» አለች እትዬ።

አስጠጋናት። እንጨቱን በጣቶቿ ዳበሰችው። በጥፍሯ መታ መታ አደረገች፤ አንዴ ዳሩን፣ አንዴ መሃሉን። ደግማ መታች።

«ና እስኪ እዚህ። ይሄ እንጨት ነው። ይሄ ግን ግድግዳ ነው።»

ጋሼ ተነስቶ በአውራ ጣቱ ነካው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ስቱኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የገዛኋት ሰሞን... ከኋላዋ ተጫጭራ ነበር። ጭረት መስሎኝ ስቱኮውን ከእንጨቱ ቀለም ጋር አመሳስዬ በጥብጬ ደፈንኩት።»

«ጭረቱ ቁጥር ነበራ!» ጮህኩበት። «የገዛ ጀልባውን መታወቂያ በስቱኮ የለሰነ ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ!»

«ልክ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው። «ግን ሥራው... እስኪ እይው፣ ስንት ዓመቱ፣ አሁንም አይታይም እኮ።»

ስፓቱላ ከገባ ቁጥሩንም ይቧጭራል። እትዬ ኪሮሿን ከቅርጫቷ አወጣች። ጉልበቷ እንጂ እጇ መቼ ታመመ? ስቱኮውን እንደ ዳንቴል ክር ቀስ እያደረገች ከየጎድጓዳው ትለቅም ጀመር፤ እኔ ብናኙን እፍ እላለሁ። መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ከዚያ ክብ ነገር። ጋሼ ከመዝገቡ የገለበጠውን ቁጥር እያየ አብሯት ያነባል፤ ድምፁ በየቁጥሩ ከፍ እያለ መጣ። የወደቡ ጠባቂ መጣ፣ እዚያው መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅም ሥራውን ጥሎ መጣ። የመጨረሻዋ ሰባት ቁጥር ከነጭራዋ ስትወጣ ግቢው በጩኸት ተናጋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሼ የእትዬን እጅ ከነአቧራው ሳመው።

መርማሪው ሲመጣ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ከመዝገቡ አስተያይቶ፣ «እሷ ራሷ ናት» አለ። ቀዩን ወረቀት የላጠው ጠባቂው ነው፤ ማንም ሳይቀድመው ሮጦ። የተመዘገበ ጀልባ ስለተገኘ የእትዬም ፈተና በዚያው ቀን ሆነ። ጥያቄውን ወንበሯ ላይ ሆና መለሰች፤ ከዚያ መርማሪውን አሳፍራ ወጣች። ጋሼ ዳር ላይ ቆሞ ምድር ጠበበችው። ስትመለስ ሞተሩን ቀድማ ቀንሳ ጀልባዋን ከመቆሚያው ጎን በለሆሳስ አስጠጋቻት።

«አልፈዋል፣ እማማ» አላት መርማሪው።

ጋሼ ጀልባዋን እንደገና ሰማያዊ ቀባት። ከኋላ በስተቀኝ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀባ ተወ፤ ዙሪያዋን በቀጭን ነጭ መስመር ከበባት። ዕድሜውን ሙሉ ሳይቀባ የተወው እሷን ብቻ ነው፤ ለሰው ሁሉ የሚያሳየውም እሷኑ ነው።

ቅዳሜ መጣ። እትዬ እጀታውን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። «ፈቃድ አውጥቻለሁ» አለች። ምን እላለሁ? በሁለት እጄ የጀልባዋን ጠርዝ አንቄ ተቀመጥኩ፤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

መሃል ላይ የውሃ ጥበቃ ጀልባ መጣ። ጋሼ ወረቀቱን አውጥቶ ተዘጋጀ። ሰዎቹ እጃቸውን አወዛውዘው አለፉ።

«ዝም ብለው ያልፋሉ እንዴ!» አለ ጋሼ ተቆጥቶ።

እትዬ ጀልባዋን አዙራ ተከተለቻቸው። ጥበቃዎቹ ደንግጠው ቆሙ።

«ምነው? ችግር አለ?»

«አለ እንጂ!» አለ ጋሼ። «ለምን አታስቆሙንም?»

ጥበቃው ሳቁን ዋጠ። «እሺ፣ ቁሙ። ምዝገባ?»

ጋሼ ሰጠ። ሰውየው ዞሮ ያልተቀባችዋን ቦታ አየ፤ ቁጥሩን አነበበ፤ ራሱን ነቀነቀ። «መንጃ ፈቃድ?»

የጋሼ እጅ በልማዱ ወደ ኪሱ ሄደ።

«አንተን አይደለም» አለችው እትዬ። «የሚጠየቀው እጀታውን የያዘው ሰው ነው።» ከደረቷ አዲሱን ፈቃድ አወጣች። እሷም በፕላስቲክ ጠቅልላዋለች።

ጥበቃው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ በሁለት እጁ መለሰላት። «መልካም ጉዞ፣ ካፒቴን።»

ጋሼ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ብድግ ብሎ ጮኸ። እኔም ፍርሃቴን ረስቼ፣ ያቺን መሐላዬን ረስቼ፣ ተነስቼ አብሬው ጮህኩ። ጀልባዋ ተወዛወዘች።

«ቁጭ በሉ!» አለችን እትዬ፣ ሞተሩን እያስነሳች። «ጉልበት ያለው ሁሉ ቁጭ ይበል!»

ተቀመጥን።