ሀብትነሽ ያነሳችው ሳህን

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፣ ስጽፍ እፈራለሁ። እኔ ዙለይካ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ግን ስለ ሀብትነሽ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም፤ በቃ ደፈርኩ።

ሀብትነሽ የላንቻ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው እዚህ ካዛንቺስ፣ ምግብ ቤታችን ውስጥ ወጥ እየሠራች ነው። በየጊዜው ከወደብ የሚመጣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጡ ሁለት ትራንዚተሮች እኛ ጋ ይበላሉ፤ የኛው ኃይለማርያምና የጅቡቲው ጋሽ ዋይስ። ዋይስ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ሁልጊዜ ይነታረካሉ።

«ወደባችሁን በወርቅ ዋጋ ነው የምታከራዩን!» ይላል ኃይለማርያም።

«እናንተስ? ኮንቴይነሩን ወስዳችሁ ሱቅ ታደርጉታላችሁ!»

ከዚያ ይስቃሉ፣ ውሃ ይቀዳዳሉ።

ዋይስ እንደኔ ሙስሊም ነው። የኛ የሙስሊሞቹ ሥጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይመጣል፣ በራሱ ድስት ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ግን ሀብትነሽ ቸኩላ የክርስቲያኑን ጥብስ ላከችለት። ያወቀችው ሳህኑ ከወጣ በኋላ፣ የኛ ድስት እንዳልተነካ ስታይ ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ መብራህቱ ስትደነግጥ አይቶ ክንዷን ያዛት። «ዝም በይ! ካወቀ ሁለተኛ አይመጣም። ከተናገርሽ ሥራሽን እርሺው።»

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ አምኖን ነው የሚበላው» አለችና ክንዷን አስለቅቃ ወጣች።

ዋይስ እጁን ታጥቦ ሊጎርስ ነው። ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የኛን የክርስቲያኖቹን ሥጋ ነው ያቀረብኩልህ። ስህተቱ የኔ ነው።»

ኃይለማርያም አፍሮ አቀረቀረ። ዋይስ ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ።

«እዚህ ቤት ምን ሥጋ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለ። «ለካ አለመጠየቄ ልክ ነበር!» ወደ ኃይለማርያም ዞረ፤ «ስማ፣ ትልልቆቻችን ስለ ወደብ ሲነጋገሩ ይህችን ሴት መሃል ያስቀምጧት።»

«እሺ፣ ወርቁን ግን ቀንሱ!»

ዋይስ ባለቤቱ ከጓዳ በር እሷ ላይ ሲያፈጥ አይቶ እየሳቀ ጠራው። «እሷ ከዚህ ከሄደች እኔንም አታገኘኝም።» ጋሽ መብራህቱ ራሱ ከኛ ድስት አውጥቶ አቀረበለት።

የአገር ነገር በሬድዮ ሲወራ ብዙ አይገባኝም። ይሄ ግን ገባኝ። እኔም ምሳዬን ከዚያው ከኛ ድስት ነው የምበላው፤ ማለቴ፣ ስንት ዓመት ሳልጠይቅ። አልሐምዱሊላህ፣ እሷን ለሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሀብትነሽ ከሁላችንም ቀድማ ገብታ የኛን ድስት አውርዳ ጠበቀችኝ። «ዙሊዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ የምታወጪው አንቺ ነሽ። እኔ ስቸኩል አልታመንም» አለችና ጭልፋውን ሰጥታኝ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች።