ስሜን ገልብጦ ያስተማረኝ ሰው

ተክሌ ስሜን ገልብጦ አስተማረኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ከአሥራ አንድ ዓመቴ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ በግልባጭ ስፈርም ኖርኩ። ባንክ ውስጥ፣ የቤት ኪራይ ውል ላይ፣ የጋብቻዬ መዝገብ ላይ ሳይቀር። ጋሽ ማለቱን የተውኩት በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ሽታ ነው። ብዙ ዓመት የተዘጋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበራ እንዴት እንደሚሸት የነካው ሰው ያውቃል፤ አቧራው ይጠበሳል፣ የሻገተው እንጨት ይሞቃል፣ ከመሀል የቀለጠ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር ጉሮሮ ይይዛል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ እዚሁ በስደት ከተማዬ፣ ስትሪትሃም ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው የሸተተኝ። እግሬ እዚያው ነበር፤ እኔ ግን ካሌዶኒያን ሮድ፣ ተክሌ ሱቅ ገብቼ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነበር። ከፊት የሚከራዩ የቪዲዮ ካሴቶች፣ ሽፋናቸው በፀሐይ የነጣ። ቀጥሎ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች። ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኑ። አንድ የባሕር ዳርቻ መጫወቻ ቤት ሲዘጋ የገዛው፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ጎኑ ላይ ሰርጓጅ መርከብ ተሥሎበታል። ሳንቲም ሲጎርስ ያገሳል፤ ሲያገሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ካሴቶች ይንቀጠቀጣሉ።

እኔ ከአጎቴ ጋር በሱዳን በኩል የመጣሁ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት አላስገቡኝም አልልም፤ አስገብተውኛል። ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ወረቀትና የቀለም እርሳስ ሰጡኝ፤ ቀለም ቀባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀባሁ። ከዚያ መሄድ ተውኩ፤ የት ገባ ያለኝም የለም። ማሽኑ ላይ ግን የሚያህለኝ አልነበረም።

ተክሌ ትከሻው የጎበጠ ረጅም ሰው ነበር። ግራጫ ሹራቡን በጋ ክረምት አያወልቅም፤ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ አይለየውም። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲገባ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ የዓለምን ነገር ይተነትናል፤ የትኛው መንግሥት ሊወድቅ ነው፣ ዳቦ ስንት ሊገባ ነው። የተማረ ሰው ሲባል ለእኔ እሱ ነበር።

ማሽኑ ላይ ቁጥሮቹ ዞረው ነው የሚታዩት። ሁለት ፊቷን አዙራ፣ ሦስት ጀርባዋን ሰጥታ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

«የጃፓን ማሽን ነው» አለኝ። «እነሱ ከቀኝ ነው የሚጀምሩት።»

አመንኩት። የሰፈሩ ልጆች መጋረጃውን ገልጠው ስክሪኑን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። በእኔ የሚስቁ መስሎኝ ስንቱን ተደባድቤአለሁ።

ማሽኑ ከሁሉ በላይ ነጥብ ላመጣ ሰው ሦስት ፊደል ይሰጠዋል። በመሪው እያዞረ ይመርጣል፤ ስሙ ከላይ ይቀመጥለታል። አንደኛ የወጣሁ ቀን ተክሌን ጮኼ ጠራሁት። መታወቂያ ካርዴን ተቀብሎ ከስክሪኑ ጎን ደገፈው። ካርዱን ያያል፣ መሪውን ያዞራል፣ እንደገና ካርዱን ያያል። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ማሽኑ ጊዜ ስለሚቆጥር ነው ያጣደፈው ብዬ ነበር። ሦስተኛዋን እንደጨረሰ እጁን ራሴ ላይ ጣለ።

«ይኸው። ይሄ አንተ ነህ። እንዳትረሳው።»

አልረሳሁትም። ጉም በያዘው መስኮት ላይ በጣቴ ጻፍኩት፤ በአውቶቡስ ወንበር ላይ በሚስማር ጫርኩት። ሰው ሆኜ ሥራ ስይዝ ፈርም ሲሉኝ ያንኑ ፈረምኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ፊርማ እንደሁ ያበደ ቢሆንም ፊርማ ነው።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ቶተንሃም የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። መምህርቷ ስማችሁን ጻፉ አለችን። የእኔን ወረቀት ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ቢ፣ ኢ፣ አር። ብርሃኑ ከሚለው ስሜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፤ ከጀርባው በኩል ጥርት ብሎ ይነበባል። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የአስመራ ሴት በአማርኛ፣ «የአንተ ስም ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ወሬው ካሌዶኒያን ሮድ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ፤ በሳምንቱ የሰፈሩ ቡና ቤት ውስጥ ስሜ «ብሬ ግልባጩ» ሆኖ ጠበቀኝ።

ተክሌ ጋ ደወልኩ። በሕፃንነቴ ተጫወትክብኝ፣ እያወቅክ አሾፍክብኝ አልኩት።

«እኔ ያየሁትን ነው ያሳየሁህ» አለኝ።

ፌዝ መሰለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ዓመት አልደወልኩም። ታሟል ሲሉኝ አልሄድኩም። ዘንድሮ ጥቅምት መግቢያ ላይ ሞተ አሉኝ፤ ቀብሩ ላይም አልቆምኩም።

ልጁ ሣራ ነች የደወለችልኝ። አባቷ ዕቃ ያከማችበት የነበረውን ጋራዥ ልታስረክብ ነው፤ ማሽኑን ለብርሃኑ ብሏል አለችኝ። ጣይው አልኳት። ለብረት ሰብሳቢ ልትሰጠው ቀን ቆረጠች። ከዚያ ለምን ሄድኩ? የአርባውን ጥሪ ስትነግረኝ ድምፅዋ ስለተሰበረ ይሆናል፤ ደግሞም እንጀራዬ ስክሪን መግጠም ነው፤ አሮጌ ቦርድ ዝም ብሎ ሲጣል አልወድም።

ምስል የሚያወጣው የማሽኑ አሮጌ የስክሪን ቱቦ ሞቷል። የማሽኑን አንጎል፣ ቦርዱን፣ ቼክ አደረግኩት፤ ይተነፍሳል። የድሮ ማሽን ምስሉን የሚልከው ቀስ ብሎ ነው፤ የዛሬ ስክሪን ቋንቋው አይገባውም። በመሀላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ እጅ የምታህል መለወጫ ሣጥን። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ሽቦ፣ ምስሉን የሚያረጋውን አራተኛውንም ወደ መለወጫዋ አስገባሁ፤ ከእሷ አንድ ኬብል ወደ አዲሱ ስክሪን። አበራሁት። ሽታው ያኔ ነው የመጣው።

ምስሉ ተንከባለለ፣ ተቀደደ፣ ረጋ። የነጥብ ሰንጠረዡ ወጣ፤ አናቱ ላይ የእኔ ሦስት ፊደላት። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ሣራ፣ ውስጡ ሆና ስሞቹን የምታቆየውን ባትሪ አባቷ ማሽኑን ሳያጠፋ ይቀይራት እንደነበር ነገረችኝ፤ ካጠፋሁት ብርሃኑ ይጠፋል ይላት ነበር።

ፊደላቱ ግን ተገልብጠዋል። ሰንጠረዡ በሙሉ ተገልብጧል። ሽቦ ያቀያየርኩ መሰለኝ፤ ነቅዬ ደገምኩት። ያው ነው። ቀለም የሚያሳስት ሽቦ አለ፤ ምስልን ቀኝና ግራ የሚያዞር ግን የለም። የኋላ በሩን ከፍቼ በባትሪ መብራት አየሁ። ከላይ ዘንበል ብሎ የተቦረቦረ የእንጨት ቦይ አለ፤ ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ስባሪ የመልክ ማያ መስታወት ተሰክቶ ቀርቷል። ለካ ማሽኑ ሲሠራ ቱቦው መሬት ተኝቶ ወደ ላይ ነበር የሚያየው፤ ምስሉን ሆን ብለው ገልብጠው ይልኩታል፣ መስታወቱ ያቀናዋል። መስታወቱ ሲሰበር ተክሌ ቱቦውን በእንጨትና በገመድ አቁሞ ፊት ለፊት አድርጎታል።

ግን ቂሜ አልለቀቀኝም። «ማንበብ የሚችል ሰው እንዴት አላየውም?» አልኳት።

ሣራ ትክ ብላ አየችኝ። «አባዬ ማንበብ አይችልም ነበር እኮ። ኖ፣ ሲሪየስሊ፣ አታውቅም? ጋዜጣውን ጠዋት እማዬ ናት የምታነብለት።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሽቦዎቹን ያኔ አየኋቸው። በየጫፋቸው ወረቀት ታስሯል፤ በእርሳስ ቁልፍ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ጃንጥላ ተሥሎባቸዋል። ፊደል የለም። ያ ላብ የጊዜ አልነበረም። ካርዴ ላይ ያለችውን ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ካለችው ቅርጽ ጋር ሲያገናኝ፣ ወዴት እንደምትዞር የሚነግረው አልነበረም። ያየውን አሳየኝ። እኔ አንዱ ማይም በሌላው ማይም ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቂም ያዝኩ፤ እሱ ደግሞ አላውቅም ከሚል ስድቤን ዋጠ።

ሣራ ከቦርሳዋ የፊት መስታወት አወጣች። ከስክሪኑ ፊት ያዝኩት። ቢ፣ ኢ፣ አር። ቀጥ ያለ። ማሽኑ ውስጥ ስሜ አንድም ቀን ተገልብጦ አያውቅም።

መለወጫዋ ምስል የምታዞርበት ቁልፍ አላት፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። አልተጫንኩም። ማሽኑ ዛሬ ቶተንሃም፣ ሳሎኔ ውስጥ እንደተገለበጠ ቆሟል።

በጋሽ ተክሌ አርባ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሣራ መዝገብ ዘርግታ ሰው ሁሉ አንዳንድ ቃል ይጽፋል። ተራዬ ደረሰ። ብዕሩን ያዝኩና ስሜን ከቀኝ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ተገለበጠብህ እኮ» አለችኝ ሣራ በሹክሹክታ።

«እሳቸው እንዲያነቡት ነው» አልኳት።

ከሥሩ ቀኑን ጻፍኩ። ሐሙስ፣ ኅዳር 12።